ሦስት መድኃኒት ማዘዝ ብቻውን ጥምር ሕክምና አይደለም
ስለ ጨጓራ ባክቴሪያ አከካከማችን የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ አንዲት እናት ወደ ተመላላሽ ሕክምና ክፍሌ ገቡ። በእጃቸው የያዙትን ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። በሦስት ዓመት ውስጥ የተጠራቀሙ የላቦራቶሪ ውጤቶች፣ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀቶችና ባዶ የመድኃኒት ካርቶኖች ነበሩበት። እኚህ እናት አራት ጊዜ «የጨጓራ ባክቴሪያ አለብዎት» ተብለዋል፤ አራት ጊዜም ያንኑ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ታዘው ወስደዋል። ሕመማቸው ግን አልለቀቃቸውም። «ልጄ፣ ይኼ ባክቴሪያ አብሮኝ ሊቀበር ነው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሳገላብጥ፣ ከማዘዣዎቹ መካከል ሁለተኛው በእኔው እጅ የተጻፈ ሆኖ አገኘሁት። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝ ያ ወረቀት ነው። ስለሆነም ከዚህ በታች የምሰነዝረው ትችት በቅድሚያ የሚያርፈው በራሴ ላይ መሆኑን የተከበሩ የሙያ ባልደረቦቼ እንዲገነዘቡልኝ እጠይቃለሁ።

የትችቱ ፍሬ ነገር አጭር ነው። በልማድ «ትሪፕል» ብለን የምንጠራው ሕክምና በእጃችን ከሕክምና መርህነት ወደ መጠሪያነት ወርዷል። ስሙን እንጽፋለን፣ ክኒኖቹን እንቆጥራለን፣ በሽተኛውን እናሰናብታለን። ይሁን እንጂ መድኃኒቶች የሚጣመሩበትን ምክንያት፣ እያንዳንዳቸው በእርግጥ መሥራት አለመሥራታቸውንና በመጨረሻም ባክቴሪያው መጥፋት አለመጥፋቱን አንጠይቅም።

ጥምረቱ ለምን አስፈለገ?

ሔሊኮባክተር ፓይሎሪ በመጀመሪያ በላቦራቶሪ እንዲያድግ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1982 በአውስትራሊያ፣ በፐርዝ ከተማ በሚገኘው ሮያል ፐርዝ ሆስፒታል ነው። የፓቶሎጂ ሐኪሙ ሮቢን ዋረንና በወቅቱ በሥልጠና ላይ የነበረው ባሪ ማርሻል፣ የጨጓራ ቁስለት የጭንቀትና የአሲድ ብዛት ውጤት ብቻ ነው የሚለውን የዘመኑን እምነት ተፈታተኑ። ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው መቆጣቱን በምርመራ አሳየ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ።

ባክቴሪያው ከታወቀ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አንድ መድኃኒት ብቻውን እንደማያጠፋው ግልጽ ሆነ። ባክቴሪያው የሚኖረው የጨጓራን ግድግዳ በሚሸፍነው ንፍጥ መሰል ሽፋን ሥር ነው። በዚያ ያለው አሲድ አንዳንድ አንቲባዮቲኮችን ያዳክማል፤ ባክቴሪያው መራባቱን በሚያዘገይበት ጊዜም እንደ አሞክሲሲሊን ያሉ፣ በመራባት ላይ ያለን ባክቴሪያ የሚገድሉ መድኃኒቶች ኃይል ይቀንሳል። ከዚህም በላይ አንድን መድኃኒት ለመቋቋም የሚያስችል ድንገተኛ የዘረመል ለውጥ በቀላሉ ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. በ1989 በሲድኒ ቶማስ ቦሮዲና ባልደረቦቹ ቢስሙዝን፣ ቴትራሳይክሊንንና ሜትሮኒዳዞልን በማጣመር የመጀመሪያውን ውጤታማ ሕክምና አስተዋወቁ። በ1990ዎቹ ደግሞ ኦሜፕራዞልን ከክላሪትሮማይሲንና ከአሞክሲሲሊን ወይም ከሜትሮኒዳዞል ጋር ለአንድ ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ መስጠት በአውሮፓ በተደረጉ ጥናቶች 90 በመቶ ገደማ ፈውስ አስገኘ። ለአወሳሰድ ቀላል በመሆኑም ዓለምን አዳረሰ። እኛም በሕክምና ትምህርት ቤት በቃላችን የያዝነው ይህንኑ ነው።

የማጣመር መርህ ለጤና ባለሙያዎቻችን እንግዳ አይደለም። በብሪታንያ በተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1948 በታተመው ጥናት፣ ስትሬፕቶማይሲንን ብቻውን የወሰዱ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መጀመሪያ ተሻላቸው፤ ኋላ ግን በብዙዎቹ ላይ መድኃኒቱን የተላመደ ባሲለስ ተገኘባቸው። ሌላ መድኃኒት በተጨመረበት ጊዜ መላመዱ በእጅጉ ቀነሰ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት፣ ጥምር ሕክምና መድኃኒቶች ጎን ለጎን መሰጠታቸው ሳይሆን አንዱ መድኃኒት የሌላውን ጀርባ መጠበቁ ነው የሚል ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባላችን ይህንኑ ይገልጸዋል። ይሁን እንጂ ከድሮቹ አንዱ የበሰበሰ እንደሆነ አንበሳው መፈታቱ አይቀርም።

የመጀመሪያው ስህተት፦ ምን እንደምናክም ሳናውቅ ማከም

ወደ እኚያ እናት ወረቀቶች ልመለስ። አራቱም ምርመራዎች የደም ምርመራዎች፣ ይኸውም በደም ውስጥ ያለ ፀረ እንግዳ አካልን የሚፈልጉ ነበሩ። ይህ ምርመራ ርካሽና ፈጣን በመሆኑ በየክሊኒኩ ተለምዷል። ነገር ግን የሚነግረን ሰውነት ከባክቴሪያው ጋር አንድ ወቅት መገናኘቱን እንጂ ባክቴሪያው ዛሬ በጨጓራ ውስጥ መኖሩን አይደለም። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ፀረ እንግዳ አካሉ ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። ግማሽ ያህሉ ሕዝብ ባክቴሪያውን በተሸከመበት አገር በዚህ ምርመራ «ፖዘቲቭ» መባል ብዙም አያስገርምም። ከሕክምና በኋላ ውጤትን ለማወቅ ይህንኑ ምርመራ መድገም ደግሞ ጨርሶ ትክክል አይደለም።

ዛሬ በጨጓራ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ የሚያሳዩት ምርመራዎች የሰገራ አንቲጂን ምርመራ፣ የዩሪያ ትንፋሽ ምርመራና በኢንዶስኮፒ የሚወሰድ የሥጋ ናሙና ናቸው። ከእነዚህ መካከል በብዙ የጤና ተቋማት ሊሠራ የሚችለው የሰገራ አንቲጂን ምርመራ ነው። ይህም ቢሆን ቅድመ ሁኔታ አለው። በሽተኛው ኦሜፕራዞልንና መሰሎቹን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክንና ቢስሙዝን ደግሞ ቢያንስ ለአራት ሳምንት ማቆም አለበት። ኦሜፕራዞልን በየቀኑ እየዋጠ የተመረመረ በሽተኛ «ነጌቲቭ» ቢባል ባክቴሪያው ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ይህን ጥያቄ ናሙናው ከመሰጠቱ በፊት የሚጠይቅ ሐኪም፣ ነርስ ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ ምን ያህል ነው?

እኚያ እናት ኦሜፕራዞሉን አቁመው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰገራቸው ሲመረመር ባክቴሪያው አልተገኘም። ኢንዶስኮፒ ሲደረግላቸው ጨጓራቸው ላይ ቁስለት ታየ፤ ከተወሰደው ናሙናም ባክቴሪያው አልተገኘም። ስለሚወስዱት ሌላ መድኃኒት ስጠይቃቸው ለጉልበታቸው ሕመም ዳይክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ለዓመታት ሲወስዱ እንደቆዩ ነገሩኝ። ምናልባት ባክቴሪያው በመጀመሪያው ሕክምና ጠፍቶ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ስናክም የቆየነው ፀረ እንግዳ አካሉን ነበር። ቁስለቱን ያቆየው ግን በየሦስት ወሩ ካርዳቸውን ስናገላብጥ አንዳችንም ያልጠየቅነው መድኃኒት ነው። ቢጠየቅ ኖሮ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት፦ ሦስት ብለን ቆጥረን አንድ መስጠት

«ትሪፕል» የሚለው ቃል አታላይ ነው። ከሦስቱ መድኃኒቶች መካከል ባክቴሪያውን የሚገድሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ኦሜፕራዞል ተግባሩ አሲዱን በመቀነስ ለሁለቱ መንገድ መጥረግ ነው። ባክቴሪያው ክላሪትሮማይሲንን የተላመደ ከሆነ፣ በሽተኛው በተግባር የሚወስደው አሞክሲሲሊንን ብቻ ነው። በነቀርሳ ሕክምና አንድ መድኃኒት ብቻ የሚያዝ ባለሙያ ቢገኝ ሁላችንም እንወቅሰዋለን። በጨጓራ ላይ ግን ሳናውቀው በየቀኑ እናደርገዋለን።

ጉዳዩን በአኃዝ እንመልከተው። እ.ኤ.አ. በ2004 ፍራንሲስ ሜግሮ የተባሉት ፈረንሳዊ ተመራማሪ ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ባቀረቡት ትንተና፣ ክላሪትሮማይሲን ያለበት የሦስትዮሽ ሕክምና ባክቴሪያው ካልተላመደ 88 በመቶ ያህል፣ ከተላመደ ግን 18 በመቶ ያህል ብቻ ፈውስ እንደሚያስገኝ አሳይተዋል። እንግዲህ ከመቶ በሽተኞች ሃያው የተላመደ ባክቴሪያ ቢኖርባቸው ብለን እናስላ። ከሰማንያዎቹ ሰባው፣ ከሃያዎቹ ደግሞ አራት ያህሉ ይድናሉ፤ በድምሩ ሰባ አራት። አሜሪካዊው የጨጓራ ሐኪም ዴቪድ ግራሃም ለእነዚህ ሕክምናዎች እንደ ተማሪ ውጤት ደረጃ ሲያወጡ 80 በመቶና ከዚያ በታችን «ወድቋል» ብለው መድበውታል። በዚህ መለኪያ በአንድ አካባቢ ከአምስት ባክቴሪያ አንዱ ከተላመደ በቃላችን የያዝነው ሕክምና ፈተናውን ወድቋል ማለት ነው። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች መላመዱ ከ15 በመቶ በላይ በሆነበት ወይም መጠኑ በማይታወቅበት አካባቢ ይህን ሕክምና ያለ ምርመራ አትጀምሩ ማለታቸው ከዚህ የመነጨ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዝርዝር ክላሪትሮማይሲንን የተላመደውን ሔሊኮባክተር አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ ከሚያስፈልጋቸው ባክቴሪያዎች መካከል አስፍሮት ነበር።

በአገራችን የመላመድ መንገዱ ክፍት ነው። አዚትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን ከክላሪትሮማይሲን ጋር የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው፤ አንዱን የተላመደ ባክቴሪያ ሌሎቹንም ይቋቋማል። ለጉሮሮ ሕመምና ለጉንፋን ሳይቀር አዚትሮማይሲን ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ትራኮማን ለማጥፋት በዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን የብዙ ሰው ዓይን ያተረፈ ታላቅ ሥራ ነው፤ እንዲቆም የሚመኝ ሐኪም ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ዘመቻው ከደረሰበት አካባቢ የመጣን በሽተኛ ስናክም ይህን መድኃኒት ከዚህ ቀደም ስንት ጊዜ እንደወሰደ መጠየቅ ግዴታችን ነው። ሜትሮኒዳዞልም እንዲሁ። ለአሜባና ለጃርዲያ ተብሎ በልጅነቱ ያልወሰደው ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው።

በዚህ ረገድ የማልረሳው አንድ ወጣት መምህር አለ። ኢንዶስኮፒው የትንሹ አንጀት መግቢያ ላይ ቁስለት፣ ናሙናው ደግሞ ባክቴሪያ አሳየ። ሕክምናው በትክክል ተሰጠው፤ በትክክልም ወሰደ። ባክቴሪያው ግን አልጠፋም። ሁለተኛው ሐኪም ያንኑ ማዘዣ ደገመለት፤ አሁንም አልጠፋም። የመጀመሪያው ሙከራ ያከሸፈውን መድኃኒት በሁለተኛው መድገም ከሁሉም መመሪያዎች ጋር የሚጣላ ድርጊት ነው፤ ክላሪትሮማይሲን አንድ ጊዜ ከከሸፈ ሊደገም አይገባም። ለወጣቱ የነገረው ግን «ከቤተሰብ ተመልሶ ይዞህ ይሆናል፤ ጉርሻ ተው» የሚል ምክር ነበር። ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚተላለፈው በልጅነት ዕድሜ ነው፤ ከሕክምና በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ዳግም የሚገኘውም በአብዛኛው ቀድሞውኑ ያልጠፋው ነው። የእኛን ጉድለት በበሽተኛው ማዕድ ላይ ማላከክ ፍትሐዊ አይደለም።

ሦስተኛው ስህተት፦ መጠኑንና ጊዜውን ማሳነስ

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ስድስተኛው የማስትሪክት ስምምነትና እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ መመሪያ፣ የመላመድ ሁኔታ ለማይታወቅበት በሽተኛ በቀዳሚነት የሚያስቀምጡት በቢስሙዝ ላይ የተመሠረተውን የአራትዮሽ ሕክምና ነው። ይኸውም አሲድ የሚገታ መድኃኒት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቢስሙዝ በቀን አራት ጊዜ፣ ቴትራሳይክሊን 500 ሚሊግራም በቀን አራት ጊዜ፣ ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊግራም በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ሲሆን የሚሰጠውም ለ14 ቀናት ነው። ልብ በሉ፤ ይህ በመሠረቱ ቦሮዲ እ.ኤ.አ. በ1989 ያስተዋወቀው ሕክምና ነው፤ አሲድ ገቺ ተጨመረበት እንጂ። «አሮጌ» ብለን የጣልነው ዓለምን ዞሮ ተመልሷል። ምክንያቱም ባክቴሪያው ቴትራሳይክሊንን የሚላመደው ከስንት አንዴ ነው፤ ቢስሙዝን መላመዱም አልታወቀም፤ የሜትሮኒዳዞልም መላመድ ቢሆን በበቂ መጠንና በ14 ቀናት በከፊል ይሸነፋል። ፔኒሲሊን ለማይስማማውም ሰው ይሆናል። ለነፍሰ ጡርና ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ግን ቴትራሳይክሊን አይሰጥም። በቴትራሳይክሊን ፈንታ ዶክሲሳይክሊን መተካትም ውጤቱን እንደሚያሳንስ ጥናቶች አሳይተዋል።

ኦሜፕራዞልን በቀን አንዴ፣ ያውም ማታ ሊተኙ ሲሉ ብሎ ማዘዝ ሌላው ልማዳችን ነው። በዚህ ሕክምና መድኃኒቱ የሚወሰደው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ምግብ ከመበላቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ነው። ለእኛ አገር ሰው ይህ የበለጠ ትርጉም አለው። ኦሜፕራዞልን በጉበት ውስጥ በዋናነት የሚያፈርሰው ሲዋይፒ2ሲ19 የተባለ ኢንዛይም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የስዊድን ተመራማሪዎች ይህን ኢንዛይም ከመደበኛው በላይ የሚያፋጥን የዘረመል ዓይነት ማግኘታቸውን ሲያሳውቁ፣ ድግግሞሹ በስዊድናውያንም ሆነ በኢትዮጵያውያን 18 በመቶ፣ በቻይናውያን ግን 4 በመቶ ገደማ መሆኑን ዘግበዋል። ስለዚህ ከበሽተኞቻችን ጥቂት የማይባሉት ኦሜፕራዞልን ቶሎ አፍርሰው ያስወግዳሉ፤ በቀን አንዴ የሚሰጥ 20 ሚሊግራም ለእነርሱ እፍኝ ውኃ በእሳት ላይ እንደመርጨት ነው።

አራተኛው ስህተት፦ በሽተኛውን ሳያስረዱ መሸኘት

በቀን አራት ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት፣ አራት ዓይነት መድኃኒት መውሰድ ከባድ ነው። ይህን ሸክም የሚሸከመው በሽተኛው ነውና ከማዘዣው ጋር ቃል ሊሰጠው ይገባል። ቢስሙዝ ሰገራን ያጠቁራል፤ ይህን ያልሰማ በሽተኛ ደም የሚፈሰው መስሎት መድኃኒቱን ያቋርጣል። ሜትሮኒዳዞልና ክላሪትሮማይሲን አፍን ብረት ብረት ያሰኛሉ። ሜትሮኒዳዞል በሚወሰድበት ጊዜ ጠላም ሆነ አረቄ መጠጣት አይመከርም። ከሁሉ በላይ ግን ወተት አለ። ጨጓራውን ያመመው ሰው ወተት መጠጣት እንደ መድኃኒት ይቆጠርለታል። ሆኖም በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ቴትራሳይክሊንን አስሮ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። የብረት ክኒንና የአሲድ ማርከሻም እንደዚሁ። መድኃኒቱን በወተት የዋጠን በሽተኛ «ትእዛዝ የማያከብር» ብለን ከመውቀሳችን በፊት ማን እንደነገረው እንጠይቅ።

ጾምም ሊነሳ ይገባዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ምእመን ወይም በረመዳን ወር የሚጾም ሙስሊም በቀን አራት ጊዜ መድኃኒት እንዲወስድ አዝዘን፣ እንዴት እንደሚወስደው ካልተነጋገርን ማዘዣው ከወረቀት አያልፍም። የሚደማ ወይም የተወሳሰበ ቁስለት እስከሌለ ድረስ ይህ ሕክምና የዛሬና የነገ ጉዳይ አይደለም፤ ከጾሙ በኋላ ቢጀመር ጉዳት የለውም። ግማሽ ተወስዶ ከሚቋረጥ ሕክምና ይልቅ ዘግይቶ የሚጀመርና የሚፈጸም ሕክምና ይሻላል። አቅሙ የሰባት ቀን መድኃኒት ብቻ ለመግዛት የሚፈቅድለት በሽተኛም ይህን ሳይሸማቀቅ ሊነግረን የሚችልበት ሁኔታ መፈጠር አለበት።

አምስተኛው ስህተት፦ ውጤቱን አለማየት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ስናክም አክታቸውን በየወቅቱ እንመረምራለን፤ ስማቸው በመዝገብ ይሰፍራል፤ የዳኑት፣ ያቋረጡትና ሕክምናው ያልሠራላቸው ተቆጥረው ሪፖርት ይደረጋሉ። ይህን ሥርዓት አገራችን እ.ኤ.አ. በ1992 በአርሲና በባሌ ጀምራ እስከ ጤና ጣቢያ አድርሳዋለች። እንግዲህ እንዴት እንደሚሠራ አናውቅም ማለት አንችልም። በጨጓራ ላይ ግን ማዘዣውን ጽፈን በሽተኛው ካልተመለሰ «ድኗል» እንላለን፤ ከተመለሰ ደግሞ «አልጠፋም» ብለን እንደግማለን። ሁለቱም ግምት ነው።

የሕመም ስሜት መኖር የባክቴሪያውን መኖር አያሳይም፤ መጥፋቱም መጥፋቱን አያረጋግጥም። ቁስለት የሌለበት የጨጓራ ሕመም ካላቸው ሰዎች መካከል ባክቴሪያው በመጥፋቱ ብቻ ከሕመም የሚገላገለው ከ12 እስከ 15 ከሚታከሙት አንዱ ገደማ ነው። የቀሩት ሕመማቸው ቢቀጥል የሚያስገርም አይሆንም። ስለዚህ ሕክምናው ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ኦሜፕራዞል ለሁለት ሳምንት ቆሞ፣ የሰገራ አንቲጂን ወይም የትንፋሽ ምርመራ መደረግ አለበት። ይህ ምርመራ የሕክምናው አካል እንጂ ተጨማሪ ጌጥ አይደለም።

ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች

ባልደረቦቼ የሚያቀርቡትን መከራከሪያ አውቃለሁ፤ እኔም አቅርቤዋለሁና። «በሽተኛው ድሃ ነው፤ ምርመራ አታብዛበት» ይባላል። ነገር ግን እኚያ እናት አራት ጊዜ የገዙት መድኃኒት ስንት የሰገራ ምርመራ ያስደርግ ነበር? ድሃን የሚጎዳው አንድ ተገቢ ምርመራ ሳይሆን በግምት የሚደጋገም ሕክምና ነው።

«ቢስሙዝና ቴትራሳይክሊን ሁልጊዜ አይገኙም» ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ የመድኃኒት አቅርቦት ኃላፊዎችም ሊያስቡበት ይገባል። ሁለቱም ያረጁ እንጂ ብርቅ መድኃኒቶች አይደሉም። በማይገኙበት ጊዜ አሞክሲሲሊንን በቀን በሦስት ወይም በአራት ጊዜ ከፍሎ በከፍተኛ መጠን ከጠንካራ አሲድ ገቺ ጋር ለ14 ቀናት መስጠት አንዱ አማራጭ ነው። ባክቴሪያው አሞክሲሲሊንን የሚላመደው አልፎ አልፎ ነውና። ሜትሮኒዳዞልን በሦስትዮሹ ላይ መጨመርም ይቻላል፤ ሆኖም ሁለቱንም መድኃኒቶች የተላመደ ባክቴሪያ በበዛበት አካባቢ ይህ መንገድ ይደክማል። ክላሪትሮማይሲንን የግድ ከተጠቀምን ቀድሞ መሰል መድኃኒት ላልወሰደ ሰው፣ ለ14 ቀናት፣ ውጤቱንም በማረጋገጥ ይሁን።

«የባክቴሪያ ማሳደጊያና የመድኃኒት ትብነት ምርመራ የለንም» የሚለው ሦስተኛው መከራከሪያ ነው። ለዚህ መልስ አለኝ። በእያንዳንዱ ክሊኒክ ያለ አንድ ደብተር ላቦራቶሪውን በከፊል ይተካል። የታከሙትን፣ የተሰጣቸውን ሕክምናና ከአራት ሳምንት በኋላ የተገኘውን ውጤት የሚመዘግብ ባለሙያ ከሃምሳ በሽተኞች በኋላ የራሱን ፈውስ በመቶኛ ያውቃል። ከዘጠና በላይ ከሆነ ይቀጥል፤ ከሰማንያ በታች ከሆነ መመሪያ መጽሐፉ የቱንም ያህል ቢያመሰግነው ያንን ሕክምና በዚያ ቦታ ይተው። የአካባቢያችን ባክቴሪያ የሚነግረን ከየትኛውም ስምምነት ሰነድ ይልቅ ስለ አካባቢያችን ነውና።

መደምደሚያ

እኚያ እናት ዳይክሎፌናኩን ትተው፣ ለጉልበታቸው ሌላ መፍትሔ ተፈልጎላቸው፣ ኦሜፕራዞል ለተወሰኑ ሳምንታት ወስደው ዳኑ። ወጣቱ መምህርም የ14 ቀኑን የአራትዮሽ ሕክምና ጨርሶ ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲመረመር ባክቴሪያው አልተገኘበትም። በሁለቱም ላይ የሠራሁት ረቂቅ ጥበብ አልነበረም፤ ቀድሞ ሊጠየቁ ይገባቸው የነበሩ ጥያቄዎችን ዘግይቼ ጠየቅሁ፣ እንጂ።

ባክቴሪያው በእርግጥ አለ ወይ? የትኞቹን አንቲባዮቲኮች ቀድሞ ወስዷል? መድኃኒቶቹ በበቂ መጠንና ለበቂ ጊዜ ታዘዋል ወይ? በሽተኛው እንዴት እንደሚወስዳቸው ተነግሮታል ወይ? መጥፋቱስ ተረጋግጧል ወይ? እነዚህ አምስት ጥያቄዎች ተጣምረው ካልተመለሱ፣ ማዘዣው ላይ የተጻፉት መድኃኒቶች ሦስትም ይሁኑ አራት ጥምር ሕክምና ሰጥተናል ማለት አንችልም።

ያቺን በእኔ እጅ የተጻፈች ማዘዣ እስከ ዛሬ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫታለሁ።